የዓባይ ምንጭና የጥንቱ የውኃ መሥዋዕት

በደብረ ታቦር ከተማ ቆሞ አሻግሮ የተመለከተ ሰው የጉናን ተራራ ሳያይ አይቀርም። ጉና ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፥ ራሱ ጉም የሚለብስ፥ ጎኑ ሁሉ ውኃ የሚያፈልቅ ተራራ ነው። ከእርሱ ከሚነሡት ወንዞች ርብ ከደብረ ታቦር በስተሰሜን፥ ጉማራ ደግሞ በስተደቡብ ወርደው የፎገራን ሜዳ ካጠጡ በኋላ ጣና ባሕር ይገባሉ። ጣናን የሚመግቡት ታላላቅ ወንዞች አራት ናቸው፤ እነርሱም ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ይባላሉ። እንግዲህ ከአራቱ ሁለቱ የጉና ልጆች መሆናቸው ነው። ታዲያ «የዓባይ ምንጭ ወዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የደብረ ታቦር ሰው እንኳ ጣቱን ወደ ጉና አይቀስርም። ጣናን አሻግሮ ወደ ጎጃም፥ ወደ ሰከላ አገር፥ ወደ ግሽ ያመለክታል።

ይህ ስለ ምን ሆነ? ግልገል ዓባይ ከአራቱ ወንዞች በውኃው ብዛት የሚበልጥ መሆኑ እውነት ነው። ዳሩ ግን አባቶቻችን የወንዞቹን ውኃ በመስፈሪያ ሰፍረው አልነበረም የፈረዱት። የግልገል ዓባይ ውኃ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ባሕሩን ሰንጥቆ ያልፋል የሚለው አነጋገርም ጥንት የነበረ ነው፤ ወደ አገራችን መጥተው የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናትም ይህንኑ ጽፈውታል። ነገር ግን ግሽን የዓባይ ራስ ያሰኘው ከዚህ ሁሉ ይልቅ በምንጩ አጠገብ ይፈጸም የነበረው ሥርዓት ይመስለናል። በዚያ ስፍራ ለውኃው ይሰገድ፥ ለውኃው ይሠዋ ነበር። ዛሬ ልናወሳው የወደድነው ይህንኑ ነው።

መቅደስ ሲባል ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የግሹ መቅደስ ግን ቤት አልነበረውም። ረግረጋማ መስክ፥ በመስኩ መካከል ከሣር የተበጀ መሠዊያ የሚመስል ጉብታ፥ በጉብታው ውስጥ የምንጭ ዓይን፥ በአጠገቡ ኮረብታና ዋሻ፤ መቅደሱ ይህ ነበር። ካህኑም ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሹመት ያገለግል ነበር። ምእመናኑ በዚያ ዘመን በዳሞትና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት፥ የዛሬዎቹ አዊዎች አባቶች የሆኑት አገዎች ናቸው።

ስለዚህ ስፍራ ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ቀዳሚው ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል እስፓኛዊ ካህን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ በዓፄ ሱስንዮስ ዘንድ ታላቅ ባለሟልነት ያገኘ ሰው ነበር። በ1618 ኤፕሪል 21 ቀን፥ ማለት በ1610 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር፥ ንጉሠ ነገሥቱንና ሠራዊቱን ተከትሎ ግሽ ደረሰ። ቂሮስና ካምቢሴስ፥ ታላቁ እስክንድርና ዩልዮስ ቄሣር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን በማየቱ እጅግ ደስ እንዳለው ጽፏል። ከዚያም እንደ ሥራ ሰው መለካት ጀመረ። ምንጮቹ ሁለት መሆናቸውን አየ። በአንዱ ጦር ቢሰድ እንደ ዛፍ ሥር ያለ ነገር ነካለት፤ በሁለተኛው ግን ሁለት ጦር አስሮ ቢያወርድ ታቹን አላገኘም። በዙሪያው ያለው መሬት ሰው ሲረግጠው እንደሚንቀጠቀጥ፥ ከበታቹም ውኃ የተኛበት እንደሚመስል ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትል እንወዳለን። ፓኤዝ ደስ ያለው ዓለም ያልደረሰበትን ምስጢር ያየ ስለ መሰለው ነው። ከጎኑ የቆሙት ንጉሠ ነገሥትና ሠራዊቱ ግን ስፍራውን ያውቁታል፤ ረግረጉን የሚጠብቀው አገውም አባቱ የሞተበት፥ ልጁ የተወለደበት ቀዬው ነው። በአውሮፓ መጻሕፍት «ተገኘ» የሚለው ቃል ሲነበብ ማን ለማን እንዳገኘው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከፓኤዝ በኋላ ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ካህን መጣ። በኢትዮጵያ የተቀመጠው ከ1625 እስከ 1634 ነው። ስለ መሥዋዕቱ ሥርዓት ሰፋ አድርጎ የጻፈው እርሱ ነው። እንደ ሎቦ አነጋገር፥ የአገዎቹ ሊቀ ካህናት በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡን በዚያ ስፍራ ይሰበስባል። ላም አርዶ ራሷን ከምንጮቹ ወደ አንዱ ይጥላል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ሰው እንደ ሀብቱና እንደ እምነቱ መጠን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ላም ይሠዋል። ሥጋውን ለአምላክ የተቀደሰ ነው ብለው በታላቅ አክብሮት ይበሉታል። ከዘመን ብዛት የተነሣ የከብቶቹ አጥንት ተከምሮ ሁለት ኮረብታ ሆኗል ይላል። ከዚያ ካህኑ ገላውን ሞራ ተቀብቶ በተከመረ እንጨትና ገለባ ላይ ይወጣል፤ እሳት ይለኮሳል፤ ክምሩ ነድዶ ሲያልቅ ካህኑ ግን ሳይነካው እስከ ፍጻሜው ለሕዝቡ ይሰብካል። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ለካህኑ እጅ መንሻ ይሰጣል። ሎቦም የዚህ ሁሉ ጨዋታ ዓላማ እጅ መንሻው ነው ብሎ ይዘልፈዋል።

የእሳቱን ነገር ሎቦ በዓይኑ እንዳየው አድርገን ልንቀበለው አንችልም፤ የሰማውን የጻፈ ይመስላል፤ ሲጽፍም የሌላውን ሃይማኖት ሊያፈርስ የመጣ ሰው እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን የላሚቱ፥ የራሷ፥ የዓመታዊው ስብሰባና የሊቀ ካህናቱ ነገር ፈጠራ አለመሆኑን ከመቶ አርባ ዓመት ያህል በኋላ የመጣ ሌላ ምስክር አረጋግጦታል።

ይህ ምስክር ጀምስ ብሩስ የሚባለው እስኮትላንዳዊ ነው። በ1769 ምጽዋ ላይ ወርዶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ጊዜው ራስ ሚካኤል ስሑል አንጋሽና አውራጅ የነበሩበት፥ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ሁለተኛ በልጅነት ዙፋን ላይ የተቀመጡበት የሁከት ዘመን ነው። ብሩስ ምንጩን ለማየት ሁለት ጊዜ ሞክሯል። በመጀመሪያው ጉዞ በጣና ምሥራቃዊ ዳር፥ በእንፍራዝና በደራ በኩል አልፎ፥ ማለት የዛሬውን የደቡብ ጎንደር አገር አቋርጦ፥ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድረስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ ስላላሳለፈው ወደ ጎንደር ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ በምዕራብ በኩል ዞሮ በጥቅምት ወር፥ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ የግሽን መንደር ከነምንጩ ለብሩስ በጉልትነት ሰጥተውት ስለ ነበረ ሰውየው የሄደው ርስቱን ሊጎበኝ ጭምር ነው ብንል አላጋነንም።

መሪው ወልዶ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጉብታውን አሳየው፤ ነገር ግን ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምንጩ እንዳይቀርብ አስጠነቀቀው። ብሩስ ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ጉብታውን ባየው ጊዜም በሰው እጅ የተሠራ መሠዊያ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ከዓረብ አገር ይዞት በመጣው የኮኮነት ቅርፊት ጽዋ ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤንነት ጠጣ። ስትራቴስ የተባለው ግሪካዊ ባልንጀራው ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጥሮት ነበር። በዚያው ሌሊት ግን ብሩስን ትካዜ ያዘው፤ ያንን ሁሉ አገር ያቋረጠበት ነገር አንዲት ረግረግ ሆና ታየችው። እኛ ስናስበው የተከዘው ጽዋውን ካነሣ በኋላ በመሆኑ ዕድለኛ ነው፤ አስቀድሞ ቢተክዝ ኖሮ ስለ ስፍራው ሥርዓት ጠይቆ የጻፈልን ነገር ሁሉ በቀረ ነበር።

የመንደሩ ሹምና የምንጩ ካህን ዕድሜው ሰባ ዓመት ያህል የሆነ፥ ረጅም ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ነበር። ስሙን ብሩስ «ክፍለ ዓባይ» ይለዋል፤ ትርጓሜውንም የወንዙ አገልጋይ ብሎ ተረጎመው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ክፍለ ማርያም፥ ክፍለ ኢየሱስ የሚባሉ ስሞች አሉን፤ የማርያም ድርሻ፥ የኢየሱስ ዕጣ ማለት ናቸው። እንግዲህ ሽማግሌው በክርስቲያን የስም አወጣጥ የወንዝ ድርሻ ተብሎ ተሰይሟል። ሁለቱ እምነቶች በዚያ ዘመን ጎን ለጎን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ገብተው ይኖሩ እንደ ነበረ ይህ አንድ ስም ይመሰክራል። በእርግጥም ብሩስ ሲደርስ ከምንጩ በላይ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ሽማግሌው ይህ ሹመት ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ከዘሩ እንዳልወጣ ተናገረ። ሰማንያ አራት ወይም ሰማንያ አምስት ልጆች እንደ ወለደ አምናለሁ ማለቱን ስንሰማ ዘሩ ይጠፋል ብሎ የሚሠጋበት ምክንያት እንዳልነበረው እንረዳለን።

ብሩስ የመንፈሱን መልክ አይተህ ታውቃለህን ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ሳይጠራጠር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ አለ፤ መልኩም ነጭ ጺም ያለው አዛውንት ነው አለ። ብሩስ ከመምጣቱም በፊት መንፈሱን እንዳየው፥ ወታደር እንደሚመጣበትም እንደ ነገረው አወጋው። በፈራ ጊዜ ግን ወደሚያሳድገው እባብ ሄዶ መብል አቀረበለት፤ እባቡ ደስ ብሎት ስለ በላ ክፉ ነገር እንደማያገኘው ዐወቀ።

የመሥዋዕቱ ቀን የሚቆረጠው ፈረንጆች የውሻ ኮከብ የሚሉት፥ ከከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲርየስ ከፀሐይ ጮራ ተለይቶ በንጋት ሲወጣ ነው። ይህ በአገራችን ክረምት የሚገባበት ወራት ነው። የጥንት ግብፃውያን የዓባይን ሙላት የሚጠባበቁት በዚሁ ኮከብ መውጣት እንደ ነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። ወንዙ በሚነሣበትና ወንዙ በሚደርስበት አገር ያሉ ሁለት ሕዝቦች ሳይተያዩ አንድ ኮከብ መጠበቃቸው ድንቅ ነገር ነው። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ግን ማስረጃ የለም፤ ዝናም የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሰማይ መመልከቱ አይቀርም።

በዚያን ቀን ሹሙ የነገዶቹን አለቆች ይሰበስባል። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ትታረድና ራሷ በምንጩ ውስጥ ይነከራል። ቆዳዋ በምንጩ ውኃ ውስጡም ውጭውም ከተረጨ በኋላ ራሷ ዳግመኛ ሰው እንዳያየው በዚሁ ቆዳ ይጠቀለላል። ሥጋዋ በጉብታው ላይ ተጋድሞ በውኃ ከታጠበ በኋላ በነገዶቹ ቁጥር ልክ ይቆራረጣል፤ ሁሉም ድርሻ ድርሻውን እዚያው ጥሬውን ይበላል፤ ከዓባይ ውኃ በቀር ሌላ መጠጥ አይጠጣበትም። አጥንቱ ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ራሱን ይዘው ከምንጮቹ በታች ይዘልቃል ወደሚባለው ዋሻ ይገባሉ። በዋሻው የሚደረገውን ብሩስ ሊያውቅ አልቻለም። ሁሉ ሰው ያውቀዋል፥ ሁሉም ምስጢር የጠበቀ ይመስላል ብሎ ቀልዷል። የዙሪያው ክርስቲያን ግን በዋሻው ሰይጣን እየመጣ ከእነርሱ ጋር ራሱን ይበላል፥ እነርሱም ዝናም እንዲያዘንብላቸው፥ ለንቦቻቸውና ለከብቶቻቸው መልካም ዘመን እንዲሰጣቸው ቃል አስገብተው ይታዘዙለታል እያለ ያወራ ነበር።

እስኪ ይህን የመጨረሻውን ወሬ እናጢነው። ሐሜት ነው፤ ነገር ግን ሐሜተኛው ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል። አገዎቹ የሚለምኑት ዝናም፥ ማርና ከብት ነው። ወርቅ አልለመኑም፤ የጠላት አገርም አልለመኑም። ከዚያም በላይ ብሩስ እንደሚለው በጸሎታቸው መንፈሱን የሚጠሩት የዘላለም አምላክ፥ የዓለም ብርሃን፥ የሰላም አምላክ፥ የፍጥረት ሁሉ አባት እያሉ ነው። እነዚህ የኩሬ ጋኔን መጠሪያ የሚሆኑ ስሞች አይደሉም። ሥጋው በነገዶች ቁጥር መከፈሉም ቀላል ነገር አይመስለንም። በከብት መሬትና በውኃ መውረጃ የሚጣሉ ነገዶች በዓመት አንድ ቀን ከአንዲት ጊደር እኩል የሚካፈሉበት ስብሰባ፥ ሃይማኖትም የሸንጎ ሥርዓትም ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም። ሎቦ ያየው እጅ መንሻውን ብቻ ነው።

ብሩስ ከአገራችን ወጥቶ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ትላልቅ ክፍሎች አሳተመ። በዚያም ምንጩን ከአውሮፓ ሰዎች መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ ለማለት ሲል የፓኤዝን ምስክርነት አጥብቆ ነቀፈ፤ ፓኤዝ ከቶ በግሽ አልነበረም እስከ ማለት ደረሰ። የፓኤዝ መጽሐፍ በ1905 እና በ1906 ሮም ላይ ሲታተም ነገሩ ተገለጠ። ስፍራው ላይ የሺህ ዓመት ካህን ተቀምጦ ሳለ ሁለት እንግዶች ስለ ቅድሚያ መከራከራቸው ያስገርማል።

ለውኃ መሠዋት የአገዎች ብቻ ልማድ አይደለም። በጣና ዙሪያ ደንገል ቆርጠው ታንኳ በመሥራትና ጉማሬ በማደን ይኖሩ የነበሩት ወይጦዎችም ለዓባይ መንፈስ መሥዋዕት የማቅረብ ልማድ እንደ ነበራቸው ተጽፏል። ወደ ሩቅ አገር ብንመለከት ደግሞ በቻይና ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። በሄናን ግዛት ጂዩዋን የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ በቋንቋቸው የጂ ወንዝ ምንጭ ማለት ነው። የጥንት ቻይናውያን ያንግጼን፥ ቢጫውን ወንዝ፥ ኋይንና ጂን አራቱ ቅዱሳን ወንዞች ይሏቸው ነበር። በጂዩዋን በምንጩ አጠገብ በ582 ለጂ ወንዝ አምላክ ቤተ መቅደስ ተሠራ። የታኦ ሃይማኖት ካህናት ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ጸሎት በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የወርቅ ዘንዶ ጨምረው ወደ ውኃው ይጥሉ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ውኃን የሚገዛው ዘንዶ ነውና። የግሽ ሽማግሌ እባብ እያበላ ስለ ውኃው መንፈስ መጠየቁን ያስታውሰናል።

በዚያ አገር ሌላም የቆየ ታሪክ ይነገራል። ክርስቶስ ከመወለዱ 400 ዓመት ያህል በፊት ዬ በሚባል አገር ጠንቋዮችና ሹማምንት ተማክረው የወንዙ ጌታ ሚስት ይፈልጋል እያሉ ከድሃው ገንዘብ ይሰበስቡ፥ በየዓመቱም አንዲት ልጃገረድ አስጊጠው በአልጋ ላይ አስቀምጠው ወደ ወንዙ ይለቁ ነበር። ሲመን ባኦ የሚባል አዲስ ገዥ ተሹሞ መጣና በበዓሉ ቀን ተገኘ። ልጅቱን አይቶ «ይህች መልኳ አይበቃም፤ የተሻለች እስክትገኝ ድረስ አሮጊቷ ጠንቋይ ሄዳ ለወንዙ ጌታ ትንገር» አለና አሮጊቷን ወደ ውኃው አስጣላት። ቆየችብን ብሎ ደቀ መዛሙርቷን አስከተለ፤ እነርሱም ቀሩ ብሎ ከተባባሪዎቹ ሽማግሌዎች አንዱን ላከ። የቀሩት ሹማምንት ግንባራቸው እስኪደማ መሬት እየመቱ ምሕረት ለመኑ። ሲመን ባኦ ከዚህ በኋላ ለእርሻው ዐሥራ ሁለት ቦይ አስቆፈረ።

ይህ ታሪክ በብዙ አገር እየተጠቀሰ የካህናትን ተንኰል ለማጋለጥ ይነገራል። ሎቦም ግሽ ላይ ሲመን ባኦን መሆን የፈለገ ይመስላል። ነገር ግን በግሽ የሰው ልጅ አልተሠዋም፤ ጊደሯንም የሚበላት ያመጣት ሕዝብ ራሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይሆንም።

የጂ ወንዝ ነገር ግን ሌላ ቁም ነገር አለው። በ1855 ቢጫው ወንዝ መንገዱን ቀይሮ የጂን የታችኛውን አልጋ ወሰደበት፤ ጥንት ከአራቱ ታላላቅ ወንዞች የተቈጠረው ጂ በወንዝነቱ ጠፋ። ቤተ መቅደሱ ግን ዛሬም ቆሟል። በግሽ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንዙ አለ፤ የጥንቱ መሥዋዕት ጠፍቷል።

ጠፍቷል ስንል ተረስቷል ማለታችን አይደለም፤ ሌላ ልብስ ለብሷል። በግሽ ዓባይ ዛሬ የሚከበረው የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ቡሩክ መታሰቢያ ነው። እንደሚነገረው ጻድቁ በተሰደዱና በታሰሩ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡት። ከብዙ ዘመን በኋላ ከእስራት ተፈትተው ሲመለሱ ውኃውን አደራዬን መልስ አሉት፤ መጻሕፍቱም ሳይርሱ አቧራ እንደ ለበሱ ወጡ። የግሽ ስምም ውኃው የዋጠውን እንዲመልስ ከማዘዛቸው የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ኢየሱሳውያኑ ስሙን በዘመናቸው ስለ ጻፉት የቃሉን ነገር ለልሳን ሊቃውንት እንተወዋለን።

የታሪኩ አካሄድ ግን እጅግ ያስደንቃል። ቀድሞ ወደ ምንጩ የሚገባው የጊደር ራስ ነበር፤ የገባውም አይመለስም። በኋላ የገባው መጽሐፍ ነው፤ ሳይርስም ተመለሰ። ምንጩ ከሚበላ አምላክነት ወደ ታማኝ ባለ አደራነት ተለወጠ። ስፍራው፥ ክብሩና የሰዉ ጉዞ ግን እንዳለ ቀረ። የበዓሉ ጊዜም ተዛውሯል፤ ጥንት ክረምት ሲገባ ነበረ፥ አሁን ጥር 13 ቀን፥ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን፥ በጋው ሲጸና ይከበራል። አንዳንድ ሰው ይህን የጥንት ታሪክ ማንሣት የጻድቁን ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። እኛ ግን እንዲህ አናይም። ባዶ መስክ የመረጠ ጻድቅ ከሚሆን ይልቅ የአንድ ሕዝብ ልብ ያለበትን ስፍራ የመረጠ ጻድቅ ቢሆን ሥራው ይበልጣል።

በደቡብ ጎንደርም በኩል እንዲህ ያለ ቦታ አለ። ከጉማራ አፍ ብዙ ሳይርቅ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ያለው የጣና ቂርቆስ ገዳም አባቶች ጉድጓድ የተበጀላቸውን የድንጋይ ምሰሶዎች ያሳያሉ፤ በኦሪቱ ዘመን የመሥዋዕት ደም ይቀመጥባቸው እንደ ነበረም ይናገራሉ። በትውፊታቸው ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመሄዱ በፊት 800 ዓመት ያህል በዚያ ተቀምጧል። የድንጋዮቹን ዕድሜ የቁፋሮ ሊቃውንት ይወስኑት፤ በውኃ የተከበበ ስፍራ የመሥዋዕት ትዝታ ይዞ መኖሩ ግን ለእኛ ነገር ተጨማሪ ምስክር ነው። ከዚያም በደራ አገር በጉማራ ወንዝ አጠገብ የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። በሽተኛው ሁሉ ከሩቅ ተጉዞ እየመጣ ይታጠብበታል።

ወደ ጉና እንመለስ። ጉና ክፍለ ዓባይ አልነበረውም፤ ወይም ቢኖረውም የጻፈለት እንግዳ አልመጣም። የራስ ጉግሣና የራስ ዓሊ ቤተ መንግሥት ከእግሩ ሥር በደብረ ታቦር ሲቆም፥ ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ሲያሠሩ፥ ሁሉም የተራራውን ውኃ ጠጥተዋል። ምንጩን ግን ጫማ አውልቅ ብሎ የሚጠብቀው ካህን ስላልነበረ እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ ወጣ፤ ደኑ ተመነጠረ። ርብና ጉማራ ዛሬ ከውኃቸው ጋር የጉናን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። በ1998 ዓመተ ምሕረት ክረምት ወንዞቹ ከአልጋቸው ወጥተው ፎገራን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ከ2004 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳር፥ ከወንዞቹ መግቢያ አጠገብ ተስፋፋ። ግሽም ከእነዚህ ችግሮች ፈጽሞ የተጠበቀ ነው አንልም፤ የምንጩ ዓይን ራሱ ግን ታጥሮና ተከብሮ ይኖራል።

ጥር በገባ ጊዜ ከደብረ ታቦር ወደ ግሽ ዓባይ ለመሳለም የሚነሣው ምእመን በባሕር ዳር መንገድ ሲወርድ የጉማራን ድልድይ ያልፋል። ግሽ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ፥ ከምግብ ተከልክሎ ወደ ጠበሉ ይቀርባል፤ ጠበሉን በዕቃ ቀድቶ ለታመመ ዘመዱ ይዞ ይመለሳል። ሲመለስም ያንኑ የጉማራን ድልድይ ዳግመኛ ይሻገራል።